የአባዬ ድልድይ አልፈረሰም

ይህን የምጽፈው ታዝዤ ነው። ያዘዘኝ አባቴ ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ 36 ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሮ ጡረታ የወጣ፣ አሁን 81 ዓመቱን የያዘ መምህር ነው። «ጻፈው፤ ስሜን ግን አታንሣ፤ የሚያውቁኝ ያውቁኛል» ብሎኛል። የእሱ ተማሪ የነበራችሁ ከሁለት አንቀጽ በላይ ሳትሄዱ እንደምትለዩት አልጠራጠርም። የታዘዝኩት እናንተን ይቅርታ እንድጠይቅለት ነው። ነገሩ ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ዓርብ፣ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ። ሰዋስዉ አልቆ ደወል ሊደወል ሃያ ደቂቃ ያህል ሲቀር ጠመኔውን ያስቀምጥና እጁን ያራግፋል። ከዚያ «ሲኒማ!» ይላል። በቃ። ሰባ ተማሪ የታጨቀበት ክፍል ጸጥ ይላል። በሩ ይዘጋል፤ መስኮቱ አጠገብ ያለው ልጅ የመስኮቱን መከለያ ገርበብ ያደርጋል። ከዚያ አባዬ ፊልም ያሳያል። ማሽን የለም፣ አቡጀዴ የለም፣ መብራት የለም። በአፉ ነው የሚያሳየው።

አስታወሳችሁት አይደል?

የሚያሳየው ደግሞ የእንግሊዝ ፊልም ብቻ ነበር፤ ያውም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ባሉት ዓመታት የተሠሩትን። «ታላቅ ተስፋ» ብሎ የሚጠራው የቻርልስ ዲከንስ ታሪክ፣ ዴቪድ ሊን በ1946 እ.ኤ.አ. የሠራው። የሚጀምረው በመቃብር ቦታ ነው። ፒፕ የሚባል የሙት ልጅ በምሽት ወላጆቹ መቃብር ላይ ቆሞ ሳለ ሰንሰለት እግሩ ላይ ያለ እስረኛ ድንገት አፈፍ ያደርገዋል። አባዬ ይህን ሲተርክ የእንግሊዝን መቃብር ወደ እኛ ደብር ያመጣውና ጽዶቹን በነፋስ ያንቋቋቸው ነበር። አንድ ተማሪው ኋላ ላይ እንዳጫወተኝ፣ ያን ዓርብ ማታ በማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር በኩል ማለፍ ፈርቶ ዞሮ ነው ቤቱ የገባው።

ቤት ውስጥም እንዲሁ ነበር። ክረምት ላይ፣ ያ የማርቆስ ብርድ ከጮቄ ሲወርድ፣ ከሰል ተያይዞ፣ እማዬ ቆሎ እያመሰች፣ መብራት በጠፋ ቁጥር እኛ ልጆች እንደሰት ነበር። መብራት ጠፋ ማለት ሲኒማ በራ ማለት ነው። በከተማው ቪዲዮ ቤቶች የህንድ ፊልምና የቻይና ካራቴ በሚታይበት ዘመን እኛ ቤት ግን አሌክ ጊነስ ነበር ንጉሡ። አባዬ ፊቱን እስከ ባርኔጣው ይስልልናል። ረጋ ያለ፣ ዓይኑ የማይርገበገብ፣ ልብሱ ቢቀደድም ቁልፉን የሚቆልፍ ሰው።

ከሁሉም ግን የድልድዩ ፊልም ይበልጥ ነበር።

መጀመሪያ የሰማሁት ክፍል ውስጥ ወይም ምድጃ ዳር አይደለም። የስምንት ዓመት ልጅ ሆኜ አብረን ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ፣ አውቶቡስ ውስጥ ነው። መንገዱ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ነው፤ ያኔ ሙሉ ቀን ይፈጃል። ደጀንን አልፈን ወደ አባይ በረሃ መውረድ ስንጀምር ጆሮዬ ተደፈነ። ጋቢ ለብሶ የተሳፈረ ሁሉ ጋቢውን እየገፈፈ ታጥፎ ጉልበት ላይ ተቀመጠ። ታች ድልድዩ ጋ ስንደርስ ጠመንጃ የያዙ ጠባቂዎች አየሁ። ፎቶ ማንሳት ክልክል ነበር። አውቶቡሱ ቀስ ብሎ ሲሻገር ሰዉ ሁሉ ዝም አለ።

አባዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ድልድይ ለምን በወታደር እንደሚጠበቅ ታውቃለህ?» አለኝ። ከዚያ እስከ ጎሐ ጽዮን ያለውን ዳገት ስንወጣ የክዋይ ወንዝን ድልድይ ተረከልኝ።

ላላያችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። «ዘ ብሪጅ ኦን ዘ ሪቨር ክዋይ» ይባላል፤ በ1957 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ሰባት ኦስካር የወሰደ፣ አሁንም ዴቪድ ሊን የሠራው ፊልም ነው። ጃፓኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የእንግሊዝ ወታደሮችን ማርከው ከታይላንድ ወደ በርማ የሚያልፍ የባቡር ሐዲድ ያሠሯቸዋል። የምርኮኞቹ አዛዥ ኮሎኔል ኒኮልሰን ነው፤ አሌክ ጊነስ። መጀመሪያ «መኮንን የጉልበት ሥራ አይሠራም» ብሎ በፀሐይ የተቃጠለ የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ታስሮ ይሰቃያል፤ አይበገርም። ካሸነፈ በኋላ ግን ክብሩን ለማሳየት ሲል ድልድዩን ራሱ ያሠራዋል፤ ያውም ጃፓኖቹ ከሚችሉት በላይ አሳምሮ። ለጠላቱ እየሠራ መሆኑን ይረሳል። በዚያ መሀል ሌሎች እንግሊዞች ድልድዩን ሊያፈርሱ ፈንጂ ይዘው በጫካ ይመጣሉ።

አባዬ ይህን ታሪክ ሁልጊዜ የሚጀምረው ከእኛው አገር ነው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ሲገቡ አብሯቸው ስለነበረው ኦርድ ዊንጌት ይነግረናል። አዲስ አበባ ያለው ዊንጌት ትምህርት ቤት በስሙ የተጠራለት ሰው ነው። በሺህ የሚቆጠር ግመል ከሱዳን እየነዳ፣ ግመሉ በጎጃም ዳገትና ብርድ መንገድ ላይ እያለቀ፣ በቡሬና በደምበጫ ተዋግቶ ነው የደረሰው። አያቴ መሪጌታ ናቸው፤ ወጣት ሆነው በዓይናቸው አይተውታል ይባላል። ይኸው ዊንጌት ከእኛ ዘንድ ከሄደ በኋላ በርማ ገብቶ ከጃፓን ጋር ሲዋጋ ቆይቶ በ1944 እ.ኤ.አ. በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። «አያችሁ» ይላል አባዬ፣ «ያ ሐዲድ ስንቅ የሚያመላልሰው ዊንጌት ለሚዋጋው ጦር ነበር። በኛ ደጅ ያለፈ ሰው ነው እዚያ ማዶ የነበረው።» እኔ ልጅ ሆኜ ክዋይ ከአባይ ብዙም የማይርቅ፣ ምናልባት ወደ መተከል አካባቢ ያለ ወንዝ ይመስለኝ ነበር።

መጨረሻውን ተማሪዎቹ ሁሉ በቃላችሁ ታውቁታላችሁ። ባቡሩ ይመጣል። ኒኮልሰን ውኃው ሲጎድል የፈንጂውን ሽቦ ያያል። ግብግብ ይሆናል። ባቡሩ ይገለበጣል፤ ሰዎቹ ይሞታሉ። አባዬ እዚህ ላይ ድምፁን ዝቅ ያደርግና «ድልድዩ ግን…» ብሎ ያቆማል። እኛም በአንድ ድምፅ «አልፈረሰም!» እንላለን።

አልፈረሰም። ይህን ዓረፍተ ነገር የማርቆስ ልጆች ፈተና ሲከብዳቸው፣ ኳስ ሲሸነፉ፣ ፍቅረኛ ስትከዳቸው ሲሉት ሰምቻለሁ። እኔም ብያለሁ።

በ2001 ዓ.ም. መግቢያ አባይ ላይ አዲሱ የሕዳሴ ድልድይ ሲመረቅ አባዬ ደወለልኝ። 303 ሜትር ርዝመት ያለው፣ በኬብል የተወጠረ፣ በጃፓን መንግሥት እርዳታ በጃፓን ኩባንያ የተሠራ። «ሰማህ?» አለኝ በሳቅ፣ «በፊልሙ እንግሊዝ ለጃፓን ሠራ፤ እዚህ ጃፓን ለእኛ ሠራ። ኒኮልሰን ይኼን ቢያይ በቅናት ይሞት ነበር።»

አሁን ወደ እኔ ልምጣ።

አዲስ አበባ ሥራ ይዤ፣ ኢንተርኔትም እንደልብ ሲሆን፣ የአባዬን ፊልሞች አንድ በአንድ ማደን ጀመርኩ። ጓደኞቼ አዲስ የወጣ ተከታታይ ሲያዩ እኔ ጥቁርና ነጭ የእንግሊዝ ፊልም ላይ አፈጣለሁ። «ሽማግሌ» ይሉኛል። አሌክ ጊነስ በ1949 እ.ኤ.አ. በወጣ አንድ አስቂኝ ፊልም ላይ ብቻውን ስምንት የአንድ ቤተሰብ ሰው ሆኖ ሲጫወት አይቼ ሌሊቱን ሙሉ ስስቅ አድሬያለሁ። የድልድዩን ግን አላየሁም። እሱን ከአባዬ ጋር ነው የማየው ብዬ ለራሴ ቃል ገብቻለሁ።

መጀመሪያ ነገሩ የጎረበጠኝ «ሦስተኛው ሰው»ን ሳይ ነው። ካሮል ሬድ በ1949 እ.ኤ.አ. የሠራው፣ በጦርነት በፈራረሰችው ቪየና የሚካሄድ ፊልም ነው። አንድ ደራሲ ጓደኛውን ፍለጋ ይመጣል፤ ሞቷል ይሉታል፤ ቆይቶ ግን ጓደኛው በሕይወት ያለ፣ ፔኒሲሊን እያቀጠነ ሸጦ ሕፃናትን የሚያስፈጅ ወንበዴ ሆኖ ያገኘዋል። አባዬ ሲተርከው የደራሲው ስም ሮሎ ነበር። ፊልሙ ላይ ሆሊ ነው። መጨረሻው ደግሞ በአባዬ አተራረክ፣ ከቀብሩ ሲመለሱ ሴትዮዋ የሮሎን ክንድ ይዛ አብረው ይሄዳሉ። ፊልሙ ላይ ግን ሰውየው መንገድ ዳር ቆሞ ይጠብቃታል፤ እሷ በዛፎቹ መሀል ከሩቅ ቀስ እያለች ትመጣለች፣ ትመጣለች፣ ትመጣለች፤ ዞር ብላ እንኳ ሳታየው አልፋው ትሄዳለች። እንዲህ ያለ አጨራረስ ያየ ሰው እንዴት ይረሳዋል?

ደወልኩ። «አባዬ፣ ሰውየው'ኮ ስሙ ሆሊ ነው።»

«ሮሎ ነው።»

«እሷም ጥላው ነው የሄደች።»

ትንሽ ዝም አለ። «እድሜ ነው ልጄ» አለኝና ስለ ጤናዬ ጠየቀኝ።

ሌላም ነገር ነበር። ያ ፊልም ከዳር እስከ ዳር ዚተር በሚባል የክር መሣሪያ ነው የታጀበው፤ ክራር ለሚያውቅ ጆሮ ቶሎ ይገባል። ከጨረስኩ በኋላ ሳምንት ሙሉ ዜማው ከአፌ አልወጣም። አባዬ ግን ስለዚያ ሙዚቃ አንድም ቀን አንሥቶ አያውቅም። ያኔ አላስተዋልኩትም።

ባለፈው ገና መንገዱ ደህና ሲሆን ጠብቄ ማርቆስ ገባሁ። ላፕቶፔ ላይ የድልድዩን ፊልም ጭኛለሁ። ገናን ዋልን፣ ዘመድ ሸኘን፣ ማታ እማዬ ቡና ስታፈላ ላፕቶፑን በርጩማ ላይ አስቀምጬ «አባዬ፣ ዛሬ ሲኒማ የማሳይህ እኔ ነኝ» አልኩት። ደስ ይለዋል ብዬ ነበር። መነጽሩን ፈለገ፤ አጣ፤ ኪሱ ውስጥ አገኘው። እጁ ትንሽ ይንቀጠቀጥ ነበር። «ዓይኔ ይደክማል» አለ፤ «ሌላ ቀን ይሁን።» እማዬ «ኧረ ተቀመጥ!» አለችው። ተቀመጠ።

ፊልሙ ተጀምሮ ብዙም ሳይቆይ ምርኮኞቹ ጫማቸው ተቀዶ፣ ልብሳቸው ነትቦ፣ በሰልፍ እያፏጩ ይገባሉ። «ኮሎኔል ቦጊ» የሚባለው የድሮ የእንግሊዝ ማርሽ ነው። ፊልሙን አንድ ጊዜ ያየ ሰው ሌላውን ሁሉ ቢረሳ ያንን ፉጨት አይረሳም።

አባዬ ወደ ስክሪኑ አንገቱን አስግጎ «ያፏጫሉ እንዴ?» አለ።

ምንም አላልኩም። ግን ውስጤ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። 36 ዓመት ሙሉ ሲተርከው አንድም ቀን አፏጭቶ አያውቅም። የአባዬ ፊልሞች ሁሉ ሥዕል እንጂ ድምፅ አልነበራቸውም።

ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ይፈጃል። አንዴም አልተነሣም። ቡናው ቀዘቀዘ። ኒኮልሰን ድልድዩ ላይ ቆሞ ስለ ዕድሜው ሲያወራ ከንፈሩ አብሮ ይንቀሳቀስ ነበር። ከዚያ ባቡሩ መጣ። ኒኮልሰን ሽቦውን አየ። ግብግቡ ሆነ። ያጠፋውን ሲረዳ የጊነስ ፊት የሚሆነውን ላያችሁት መንገር አልችልም። ተንገዳግዶ ፈንጂውን በሚያቀጣጥለው እጀታ ላይ ወደቀ።

ድልድዩ ፈረሰ። ምሰሶው፣ ባቡሩ፣ ሁሉም ተያይዞ ወንዙ ውስጥ ገባ።

«ፈረሰ!» አለ አባዬ። ብድግ ብሎ። «ፈረሰ እንዴ?»

ወደ እኔ ዞረ። የፊቱን ነገር ምን ልበላችሁ። ሰማንያ አንድ ዓመት የሞላው ሰው ፊት አልነበረም። ዓርብ ዓርብ መስኮቱ አጠገብ የሚቀመጠው ልጅ ፊት ነበር። ከዚያ ምን እንዳለ ገባውና ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

ቤቱ ዝም አለ። ዝምታውን የሰበረችው እማዬ ናት። ሲኒውን እያጠበች፣ ቀና እንኳ ሳትል «እሰይ!» አለች፤ «በመጨረሻ አየኸው።»

ታውቅ ነበር። ሃምሳ ዓመት ታውቅ ነበር።

አባዬ ያን ማታ ምንም አላወራም። በማግሥቱ ጠዋት ፀሐይ ላይ ተቀምጠን ነው የነገረኝ።

በ1950ዎቹ የሰላም ጓድ አሜሪካኖች ማርቆስ ያስተምሩ ነበር። አንዱ ሲሄድ ለወጣቱ መምህር አንድ ሳጥን መጽሐፍ ትቶለት ሄደ። ዲከንስ፣ ግሬም ግሪን፣ ፒየር ቡል የሚባለው ፈረንሳዊ የጻፈው የክዋይ ድልድይ። አንዳንዶቹ ሽፋናቸው ላይ ከፊልሙ የተወሰደ ፎቶ ነበረባቸው። ጊነስን እስከ ባርኔጣው ያወቀው ከሽፋን ላይ ነው።

አንድ ክረምት ለመምህራን ኮርስ አዲስ አበባ ሲላክ አያቴ መሪጌታ አንድ ነገር አስማሉት፤ «ሰይጣን ቤት እንዳትገባ።» ሰይጣን ቤት የምትለዋን ስም አዲስ አበባ ነበረች ድሮ ለመጀመሪያው ሲኒማ ያወጣችለት፤ እሳቸው ዘንድ ገና አላረጀችም። አባዬ ማለ። በዚያ ክረምት እሑድ እሑድ ጓደኞቹ ወደ ፒያሳ ሲወርዱ አብሯቸው ይወርዳል። እነሱ ሲኒማ ኢትዮጵያ ይገባሉ፤ እሱ ውጭ ቆሞ የተለጠፉትን ፎቶዎች ያያል። «ዝናብ ቢመጣም ከጣሪያው ሥር ቆሜ አያለሁ» አለኝ። «በሩ ሲከፈት ድምፅ ይሰማል። ደግሞ ይዘጋል።»

«አንድ ቀን እንኳ አልገባህም?»

«ምያለሁ'ኮ።»

መስከረም ላይ ማርቆስ ተመለሰ። የመጀመሪያው ቀን ክፍል ሲገባ አንድ ልጅ እጁን አወጣ። «ጋሼ፣ አዲስ አበባ ሲኒማ አዩ?» ክፍሉ በሙሉ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ከመካከላቸው አባይን የተሻገረ አንድም አልነበረም።

«አዎ» አለ አባዬ።

«አላየሁም ብል…» አለኝና አቆመ። «ልጆቹ'ኮ በእኔ ዓይን ሊያዩ ነው የጠበቁት። እንዴት አላየሁም እላለሁ? አዎ አልኩ። ከዚያ ምን ዓይነት ነው አሉኝ። መጽሐፉን ነገርኳቸው።» ጉልበቱን መታ መታ አደረገ። «አንድ አዎ ነበረች። አንዷን አዎ ለመጠበቅ ነው 36 ዓመት ያስተማርኩት።»

አያቴ ካረፉ በኋላስ? መግባት ይችል አልነበረም? ጠየቅሁት። «ያኔማ አንዴ አየሁ ብያለሁ» አለ። «ገብቼ ሳየው ሰው ቢያገኘኝና 'ለመጀመሪያ ጊዜ ነው እንዴ?' ቢለኝስ?» ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ግን እሱ ሳቁን አቆመ። «ውሸት ነው ልጄ። ለተማሪ የተነገረ ውሸት ደግሞ ከሌላው ይከብዳል። ሰው 'መምህር ነግሮኛል' ብሎ ለልጁ ይነግራል። ይቅርታ ጠይቅልኝ።»

ያን ቀን ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ነገሩን ማገላበጥ ጀመርኩ። ያገኘሁትን ለእሱም ነግሬዋለሁ፤ ለእናንተም ልንገራችሁ።

በቡል መጽሐፍ ድልድዩ አይፈርስም። ባቡሩ ይገለበጣል፤ ድልድዩ ይቆማል። ያፈረሱት የፊልሙ ሰዎች ናቸው። በግሬም ግሪን መጽሐፍ የሰውየው ስም ሮሎ ነው፤ ሴትዮዋም ክንዱን ይዛ ትሄዳለች። መጨረሻውን የቀየረው ካሮል ሬድ ነው፤ ግሪንም ኋላ ላይ «ልክ የነበረው ሬድ ነው» ብሎ አምኗል። አባዬ ከጻፉት ሰዎች አንድ ቃል አላዛባም። እውነተኛው ሐዲድ ላይ ከ12 ሺህ በላይ የምዕራባውያን ምርኮኞች፣ ከእነሱም በብዙ እጥፍ የሚበልጡ የእስያ የጉልበት ሠራተኞች አልቀዋል፤ ታይላንድ ውስጥ ያለው እውነተኛው የብረት ድልድይ ደግሞ በጦርነቱ ማብቂያ በአውሮፕላን ተደብድቦ ተጠገነ እንጂ ዛሬም ቆሟል። ባቡር ያልፍበታል።

ከሁሉ የሚገርመው ይኼ ነው። ፊልሙ በስክሪፕት ጽሑፍም ኦስካር ወስዷል። የተሸለመው ቡል ነበር። ቡል ግን ስክሪፕቱን አልጻፈውም! የጻፉት ካርል ፎርማንና ማይክል ዊልሰን የሚባሉ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ በዚያ ዘመን በኮሚኒስትነት ተጠርጥረው ሆሊውድ በጥቁር መዝገብ ስላሰፈራቸው ስማቸው ተደበቀ። ሽልማቱ በስማቸው የተስተካከለው በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው፤ ሁለቱም ከሞቱ በኋላ።

ይህን ለአባዬ ስነግረው ዝም ብሎ ቆየና «እንግዲያ እኔ ብቻዬን አይደለሁማ» አለ። ቀጥሎ ግን ጣቱን ቀሰረብኝ። «ይኼን አክለህ ይቅርታዬን እንዳታቀለው። እነሱ የተደበቁት እንጀራቸው እንዳይቋረጥ ነው። እኔ ማን አስገደደኝ?»

አላቀለልኩትም አባዬ። እንዳልከው ጽፌዋለሁ።

በዚያ ሳምንት የቀሩትንም አየን። ፒፕ መቃብሩ ላይ ሲያዝ አባዬ አስቀድሞ እያወቀ ደነገጠ። «ሦስተኛው ሰው» ላይ ሴትዮዋ ጥላው ስትሄድ ረጅም ጊዜ ዝም ብሎ «ይኼ ይሻላል» አለ፤ «እኔ ግን ለተማሪ አልነግረውም ነበር።» ከዚያ ሰምቶት የማያውቀውን አንድ ፊልም አሳየሁት፣ «ብሪፍ ኢንካውንተር»ን። በ1945 እ.ኤ.አ. የተሠራ የሊን ፊልም ነው። ባለትዳር ሴትና ባለትዳር ወንድ ባቡር ጣቢያ ሻይ ቤት ውስጥ ተገናኝተው ይዋደዳሉ፤ ሳይሆንላቸው ይለያያሉ። በመጨረሻው ስንብታቸው ላይ አንዲት የምትታወቅ ወሬኛ ሴት መጥታ አጠገባቸው ትቀመጣለች፤ ደህና ሁኚ እንኳ ሳይባባሉ፣ ትከሻዋን ነካ አድርጎ ብቻ ይወጣል።

አባዬ «ይኼማ ማርቆስ መናኸሪያ ነው» አለ።

«እንዴት?»

«ይሉኝታ ነዋ! እንግሊዞች ይሉኝታ አላቸው። ስሙን አያውቁትም እንጂ።»

እስካሁን እነዚያን ፊልሞች ለምን እንደምወዳቸው ሰው ሲጠይቀኝ ስለ ካሜራው፣ ስለ ጥላው፣ ስለ ተዋናዮቹ እዘላብድ ነበር። ያን ቀን ገባኝ። እነዚህ ሰዎች የልባቸውን አያወሩም። ኒኮልሰን ክብሩን ላለማጣት ሲል ያለቦታው ይቆማል። ሴትዮዋ በሰው ፊት ማልቀስ ስለማትችል ሻይዋን ትይዛለች። ቅኔ ስትሰማ ወርቁን ራስህ ፈልቅቀህ እንደምታገኘው ሁሉ፣ እነሱንም ስታይ ያልተባለውን የምትሰማው አንተ ነህ። የመሪጌታ ልጅ የሆነ፣ ጎጃም ያደገ ሰው እነዚህን ታሪኮች ገና ከመጽሐፍ ሲያነባቸው እንደ ዘመዱ ማወቁ አይገርምም። አባዬ ራሱ'ኮ እንደነሱ ነው። አንድ «አላየሁም» ማለት ከብዶት ድልድይ ሠራ። ሲሠራው ደግሞ አሳምሮ ሠራው።

እንግዲህ መልእክቱ ይኸው ነው። ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ 1992 ዓ.ም. ዓርብ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ላይ «ሲኒማ!» ሲባል ጸጥ ያላችሁ ሁሉ፦ መምህራችሁ ያሳያችሁን ፊልሞች እሱ አላያቸውም ነበር። ይቅርታ ይጠይቃችኋል። ፊልሙን ለማየት ያሰባችሁ ካላችሁ ደግሞ ድልድዩ እንደሚፈርስ ንገራቸው ብሏል፤ እሱ እንደደነገጠው እንዳትደነግጡ።

የምትሉት ካለ እዚሁ ከሥር ጻፉለት፤ እሑድ ማታ ደውዬ አንድ በአንድ አነብለታለሁ። በሚቀጥለው ፋሲካ ካገናኘን «ሎውረንስ ኦፍ አረቢያ»ን ይዤለት እሄዳለሁ። ሦስት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ገደማ ነው። መብራት ቢጠፋስ ብዬው ነበር። «ከጠፋ» አለኝ፣ «የቀረውን አንተ ትነግረኛለህ።»